ሪፖርቱ የት ሆኖ ተራውን ይጠብቃል?

አንድ ፕሮግራም የደመወዝ ዝርዝር ሲያወጣ ውጤቱ በቀጥታ ወደ ማተሚያው አይሄድም። ማተሚያ ከኮምፒውተር ጋር ሲተያይ እጅግ ቀርፋፋ ነው። በዘመኑ ፈጣን የተባለለት የአይቢኤም 1403 እንኳ መጀመሪያ ሲወጣ የሚያትመው በደቂቃ 600 መስመር ያህል ነበር። ፕሮግራሙ እሱን ቆሞ ቢጠብቅ ውዱ ማሽን ሥራ ፈቶ ይውላል። ስለዚህ ሪፖርቱ አስቀድሞ ዲስክ ላይ ይጻፋል፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፣ ማተሙን ሌላ ፕሮግራም ቀስ ብሎ ይወጣዋል። ባለሙያዎች ይህን ስፑል ይሉታል። እስከዚህ ድረስ ሜይንፍሬም የሚባለው ትልቁ ማሽንና ከእሱ የሚያንሰው መካከለኛ ኮምፒውተር አንድ ናቸው። የሚለያዩት ዲስክ ላይ በተቀመጠው ሪፖርት ላይ ማን ያዛል በሚለው ነው።

በሜይንፍሬም ይህን ሥራ ከሚመሩት አንዱ ጄስ2 ነው። ዘሩ የሚመዘዘው የአይቢኤም ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሂውስተን ውስጥ ለናሳ ሥራ ካዘጋጁት ሃስፕ ከሚባል ፕሮግራም ነው። እዚህ ሪፖርቶች ሁሉ አንድ የጋራ ማከማቻ ይገባሉ፤ የሚለዩትም በመደብ ነው፦ ከኤ እስከ ዜድ ያሉ ፊደላትና ከ0 እስከ 9 ያሉ አኀዞች፣ በድምሩ 36። ፕሮግራመሩ «መደቡ ኤ ነው፣ ፎርሙ የቼክ ነው» ይላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ማተሚያውን በስም አይጠራም። ኦፐሬተሩ ማተሚያውን ለአንድ መደብና ለአንድ ፎርም ያዘጋጀዋል፤ ማተሚያውም ከማከማቻው የሚስማማውን እየለቀመ ያወጣል። የቼኩን ወረቀት አንዴ ጭኖ የቼክ ሥራዎችን በሙሉ በተከታታይ ማተም ይቻላል። በቀን ብዙ ሣጥን ወረቀት ለሚጨርስ ማሽን ክፍል ይህ ትንሽ ቁጠባ አይደለም።

አንዱ ሪፖርት ከሌላው እንዳይቀላቀል በየመሃሉ የመለያ ገጽ ይታተማል። የሥራው ስም በገጹ ላይ በግዙፍ ፊደላት ይወጣል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት እያንዳንዱ ግዙፍ ፊደል በራሱ ትናንሽ አምሳያዎች የተሞላ ነው። ለጌጥ አይደለም፤ ኦፐሬተሩ ከተቆለለው ወረቀት መሃል የት ላይ እንደሚቀድ ከሩቅ እንዲያይ ነው።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው መካከለኛ ኮምፒውተር፣ ኤኤስ/400፣ የታሰበው ለሌላ ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው፦ ሌሊቱን ማሽን ክፍል የሚያድር የኦፐሬተር ቡድን ለሌለው፣ ማተሚያው መጋዘን ውስጥ ወይም ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ አጠገብ ለሚቀመጥ። እዚህ ስም ያላቸው ብዙ ወረፋዎች አሉ፤ ሪፖርቱም ገና ሲፈጠር ከአንዱ ይሰለፋል። የሜይንፍሬሙ ማተሚያ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ከተደባለቀው ሕዝብ ተሳፋሪውን እንደሚለቅም ወያላ ነው፤ በኤኤስ/400 ግን ለየመዳረሻው ሰልፍ ተይዟል።

የእኔ ሚዛን የሚያደላው ግን ወደ ኤኤስ/400 ስክሪን ነው። ሠራተኛዋ ከተርሚናሏ ሆና የራሷን ሪፖርቶች ዝርዝር ታያለች። ከአንዱ ጎን 5 ብትጽፍ ምንም ወረቀት ሳይባክን ታነበዋለች፤ 3 ያግደዋል፣ 6 ይለቀዋል፣ 4 ይሰርዘዋል። በ2 ደግሞ ወደ ሌላ ወረፋ ታዛውረዋለች፣ ወይም ከመቶው ገጽ የምትፈልገውን ሦስቱን ብቻ ታሳትማለች። ሜይንፍሬሙም ውጤትን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን የሚያዘወትሩት ፕሮግራመሮችና ኦፐሬተሮች ናቸው።

ኦፐሬተር አለመኖሩ የራሱ ጣጣ አለው። ቀጣዩ ሪፖርት ሌላ ፎርም ከጠየቀ ማተሚያው ቆሞ «ይህን ፎርም ጫን» የሚል መልእክት ይልካል፤ አንድ ሰው ፎርሙን ቀይሮ «ጂ» ብሎ እስኪመልስለት ድረስ አይንቀሳቀስም። መልእክቱ ማንም የማያየው ቦታ ከሄደ ቢሮው ማተሚያው ተበላሽቷል ብሎ ጥገና ይጠራል። ሌላው የሪፖርት ክምችት ነው። ለማየት እንጂ ለማተም ያልተፈለገ ሪፖርት ወረፋው ላይ ይቀራል፤ ሥራው ራሱ ካለቀ ወራት ቢያልፉም ሪፖርቱ እስካለ ድረስ ስሙ ከማሽኑ መዝገብ ላይወጣ ይችላል። ኤኤስ/400 የራሱን የሥራ መዝገቦች በቀጠሮ የሚጠርግበት መንገድ አለው፤ የሠራተኛዋን ሪፖርት ግን አይነካም። በኋላ በወጡት ስሪቶች ሪፖርቱ ሲፈጠር የማብቂያ ቀን እንዲያዝለት፣ ቀኑ ያለፈበትም በአንድ ትእዛዝ እንዲጠፋ ተደርጓል።