በክረምት በፈረስ እግር ላይ ስለሚወጣው የጭቃ ቍስል

ከሰኔ እስከ መስከረም፥ መኪና በማያልፍበት የደጋ መንገድ፥ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ዳኛውንም ወደ ችሎት የሚያደርሰው ፈረስ ነው። በዚሁ ወራት ግን በመረሬ ጭቃ ውስጥ የሚውል ፈረስ ከሰኮናው በላይ ባለው መታጠፊያ፥ ይልቁንም በኋላ እግሮቹ፥ ቆዳው ይቀላል፤ ጠጕሩ በቅርፊት ይጣበቃል፤ ቅርፊቱም ሲነሣ ከሥሩ መግል ይገኛል። ቸል ያሉት እንደ ሆነ እግሩ አብጦ ያነክሳል።

የዚህ ደዌ ምክንያት ጭቃው ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዴርማቶፊሉስ ኮንጎሌንሲስ የሚባል ረቂቅ ተባይ ነው፤ በስሙ ውስጥ ኮንጎ መጠራቱ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. በቤልጅግ ኮንጎ በከብት ላይ ስለ ታወቀ ነው። ይህ ተባይ በደረቅ ቅርፊት ውስጥ ብዙ ወራት ተኝቶ ይቈያል፤ ውሃ ሲያገኝ ነቅቶ ይዋኛል፤ ርሶ በተላጠውም ቆዳ ይገባል። ጤነኛና ደረቅ ቆዳ ግን በቀላሉ አያስገባውም።

ትጉ የሚባለው ባልደራስ የፈረሱን እግር ጧትና ማታ በውሃ አጥቦ እርጥብ ሳለ ያስረዋል። ይህ ትጋት የሚጠቅመው ተባዩን ነው። ጭቃው በእግሩ ላይ ይድረቅ፤ ከዚያ በብሩሽ ወይም በጭብጥ ገለባ ይራገፍ። በራሰ ቍስል ላይ ቅቤ መቀባትም እርጥበቱን ከውስጥ ይዘጋበታል።

ቍስሉ ከወጣ በኋላ የመድኃኒቱ መጀመሪያ ፈረሱን ከጭቃ ማውጣት ነው። በዙሪያው ያለው ጠጕር ይቈረጥ፤ ፈልቶ ለብ ባለ የጨው ውሃ ወይም በተበረዘ ክሎርሄክሲዲን ቅርፊቱ እስኪለሰልስ ይራስ፤ በቀላሉ የሚለቀውም ብቻ ይነሣ። በግድ የሚላጥ ቅርፊት አዲስ ቍስል ያተርፋል፤ ፈረሱም በሕመሙ ይራገጣል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ፈጽሞ ይድረቅ። የተነሣው ቅርፊት ይቃጠል እንጂ በጋጡ አይጣል። ደዌው አንዳንድ ጊዜ ወደ ሰው ይተላለፋልና ያከመውም እጁን በሳሙና ይታጠብ። እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ፈረሱ ካነከሰ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ፤ ፈረስ በቍስል ለሚገባው መንጋጋ ቆልፍ እጅግ የተጋለጠ ስለ ሆነ የክትባቱም ነገር በዚያው ይጠየቅ።

ከቆዳ በታች እንደ መቍጠሪያ ተሰክቶ የሚወጣ፥ እየፈነዳም መግል የሚያፈስ እባጭ ግን የጭቃ ቍስል አይደለም። በጋሪ ፈረሶች ዘንድ የታወቀው፥ ከሻጋታ ወገን የሚመጣው ተላላፊ ደዌ ሊሆን ይችላልና ፈረሱ ተለይቶ ይታሰር፤ ኮርቻውና ልጓሙ ለሌላ አይዋስ፤ ለእንስሳት ሐኪምም ፈጥኖ ይነገር።

ለሹማምንት የሚቀረው ሥራ የሚታሰሩበት ስፍራ ነው። ባለጉዳዩ በውስጥ ተራውን ሲጠብቅ ፈረሱ በደጅ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በውሃ ቆሞ ይውላል። በየገበያውና በየጽሕፈት ቤቱ ደጅ ጥቂት ክንድ የሚሆን ቦታ በድንጋይ ከፍ ብሎ ተዳፋት ይደረግ፤ በዙሪያውም ቦይ ይቈፈር። በቤት ያለው ጋጥም እንደዚሁ ይሁን፤ የረጠበው ጭድ በየቀኑ ይለወጥ። ድንጋዩ ከወንዝ፥ ጉልበቱም ከሠፈሩ ይገኛል። ሥራው ግንቦት ሳያልቅ ይፈጸም፤ ዝናቡ ከያዘ በኋላ መረሬ አይቈፈርምና።