የጠበቃው ረዳት ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

እዚህ አሜሪካ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን ይዛችሁ ጠበቃ ቢሮ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነጋግራችሁ ጠበቃው ሳይሆን ፓራሊጋል የሚባለው የሠለጠነ ረዳት ነው። ረዳቱ አማርኛ ተናጋሪ ወገን ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሁሉ በእርሱ እጅ የሚያልቅ ይመስለናል። ስለዚህ የሥራውን ወሰን ማወቅ ይበጃል።

ፓራሊጋል ታሪካችሁን ይመዘግባል፤ በጠበቃው ቁጥጥር ሥር ፎርም ያዘጋጃል፤ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ያሰባስባል፤ ቀጠሮ ይከታተላል። ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ተርጓሚው ችሎታ እንዳለውና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ መፈረም አለበት።

ፓራሊጋል የማይችለው ሕጋዊ ምክር መስጠትና ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ነው። «ጥገኝነት ጠይቅ» ወይም «በጋብቻ ይሻልሃል» ማለት የጠበቃው ድርሻ ነው። ጥገኝነት፣ ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ አሜሪካ በገባችሁ በ1 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። የተሳሳተ ምክር ይህን ጊዜ ሊያሳልፍባችሁ ይችላል።

የቀን አቆጣጠርም ያሳስታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ረዳቱ ይህን ቢስት በፎርሙ ላይ ያለው ቀን በቃል ከምትሰጡት መልስ ጋር ይጋጫል፤ የምትጠየቁትም እናንተ ናችሁ።

ጠበቃ ሳይሆኑ ሊወክሏችሁ የሚችሉም አሉ። እነዚህ ዕውቅና ባላቸው ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ፣ ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ያገኙ ተወካዮች ናቸው። ከፊል ፈቃድ ያለው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ብቻ፣ ሙሉ ፈቃድ ያለው ግን በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም ይቀርባል። ኖታሪ ፐብሊክ ግን ፊርማ ያረጋግጣል እንጂ በዚህ ሥራው ብቻ የሕግ ምክር መስጠት አይችልም።

እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት፦

1. የጠበቃውን ሙሉ ስም ጠይቁ፤ ፈቃዱንም ፈቃድ ከሰጠው ስቴት የጠበቆች መዝገብ አጣሩ።
2. ጉዳዩ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ከሆነ ጠበቃው የውክልናውን ፎርም ጂ-28 መፈረሙን ተመልከቱ።
3. ባዶ ፎርም ላይ አትፈርሙ። የተሞላው በአማርኛ ይነበብላችሁ።
4. የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የገባውን ማመልከቻ ቅጂ ያዙ።

ጎበዝ ረዳት ትልቅ እገዛ ነው። ሆኖም ስለ ጉዳያችሁ ከጠበቃው ጋር ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳችሁ ሳትነጋገሩ ማመልከቻው እንዲላክ አትፍቀዱ።