የአለቃ ተሰማ ደቀ መዝሙር

ሁዳዴ ሲገባ በአዴትም በቡሬም ሰርግ ይቀራል፣ ማሲንቆው ይሰቀላል። የጾሙ ድምፅ በገና ነው። ለብዙዎቻችን ደግሞ በገና ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ድርደራ ነው።

ዓለሙ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 እንጦጦ ተወለዱ። በ12 ዓመታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ሆነው በገና ተማሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያጠኑት ጂኦግራፊ ቢሆንም በዚሁ አቆጣጠር በ1972 ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና መምህር አድርጎ ወሰዳቸው።

የበገና ዐሥሩ ጅማት ከበግ አንጀት ይፈተላል። በርኩማው ላይ በእያንዳንዱ ጅማት ሥር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርመው ድምፅ የሚወጣው ጅማቱ ከእሷ ጋር ሲነካካ ነው። እንዝራዋ በጥቂቱ ከተዛነፈች ጅማቱ ይደነዝዛል። ደርዳሪው ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ እያንዳንዷን ያስተካክላል። ይህን መጽሐፍ አያስተምርም፤ መምህሩ አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ደርግ ሲመጣ በገና ከሬዲዮ ራቀ፣ በትምህርት ቤቱም ትምህርቱ ተቋረጠ። መምህሩ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ከፍተው ኖሩ። ሙያው ግን ከእጃቸው አልወጣም። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ፈረንሳይ አገር የሚታተመው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ኢትዮፒክስ 11ኛውን አልበም ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ሰጠ።

በዌልስም ባለ ሦስት ረድፍ ጅማቱ በገና ሊረሳ ሲቃረብ ናንሲ ሪቻርድስ (1888–1979) ከአረጋውያን ደርዳሪዎች የተማረችውን ይዛ ለወጣቶች አስተላልፋለች። እዚያም እዚህም ሰንሰለቱን የያዘው ሰው ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሰው ያልፋል።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በገና የሚማሩ ወጣቶች በርካታ ናቸው፤ ደስ ይላል። ጎጃም ግን የቅኔ አገር ናት፤ የበገና ግጥምም ሰምና ወርቅ ያለው፣ ሞትንና ንስሐን የሚመረምር ቃል ነው። ቅኔ ዘርፎ የሚያድር ተማሪ ባለበት አገር በገናን በሁዳዴ ብቻ ከስልክ መስማት አይበቃንም። በፍኖተ ሰላምና በአዴት ትምህርት ቤቶች መምህር ተቀጥሮለት፣ መሣሪያ ተገዝቶለት ዓመቱን ሙሉ ይሰጥ። የቅኔ መምህሮቻችንም ለደርዳሪዎቹ አዲስ ግጥም ይስጡ።