ዓሣው ሲሞት ማን ይመርምረው?

በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የፊንጫና የነሼ ግድቦች ሐይቅ ከፈጠሩ ወዲህ ዓሣ ለአካባቢው ሰው ምግብም ገቢም ሆኗል። አርሶ አደሩም ኩሬ ቆፍሮ ቀረሶ እንዲያረባ ሲመከር ዓመታት ተቆጥረዋል። ያረባው ዓሣ በድንገት ቢያልቅ ገዳዩን ማን እንደሚለይለት ግን በቅጡ የነገረው የለም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በእስራኤል ኩሬዎች ቀረሶ በገፍ ሞተ፤ ምክንያቱ እስከዚያ የማይታወቅ ቫይረስ መሆኑ የተረጋገጠው በ2014 ነው። ቫይረሱ በግብፅና በታይላንድም ታየ። በ2017 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2018 ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ ቀረሶ ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። ሐይቁ ጎረቤታችን ነው። ኢል የተባለውን እባብ መሰል ዓሣ የሚያረቡ ጃፓናውያን የጠበቁት ከዚህም ለረዘመ ጊዜ ነበር፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስንጥቡን በደም እያጨቀየ የሚገድለው ቫይረስ ሙሉ ዘረ መሉ የተነበበው በ2011 ነው። ያውም ላቦራቶሪ በሞላበት አገር!

የሚያዘገየው ምንድን ነው? የዓሣ ሞት መልኩ ተመሳሳይ ነው። የኦክስጅን እጥረት፣ ከማሳ ታጥቦ የገባ ፀረ ተባይ፣ ጥገኛ ተውሳክ፣ ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ሁሉም ዓሣውን ውኃው ላይ ያንሳፍፉታል። የሞተ ዓሣ በሙቀት ቶሎ ስለሚበሰብስ ምርመራው ገና በሕይወት ያለ የታመመ ዓሣ ይፈልጋል፤ ጉበቱ፣ ጣፊያውና አንጎሉ ተወስዶ በበረዶ መጓዝ አለበት። ፒሲአር የሚባለው ምርመራም የሚያገኘው አስቀድሞ የታወቀውን ቫይረስ ብቻ ነው። አዲሱን ለመያዝ በሕዋስ ላይ ማሳደግና ዘረ መሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

የበደሌው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ለምዕራቡ ከብት፣ በተለይ በገንዲ በሽታ ላይ፣ ብዙ ደክሟል። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትና የዓሣ ምርምር ማዕከሉ ግን ሁለቱም አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ሰበታ ናቸው፤ ነቀምቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በእኔ እምነት ወለጋ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ በየወረዳው ናሙና መውሰድ የሚችል ባለሙያ፣ የበረዶ ሣጥንና የታወቀ የመላኪያ መንገድ ነው። ነቀምቴ ያለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቹን ለዚህ ሊያሰለጥን ይችላል። ጫጩት ዓሣም ከኩሬ ወደ ኩሬ ከመጫኑ በፊት ይመርመር፤ በሽታው አብሮ የሚጓዘው በእሱ ነውና።

ኩሬ ያላችሁ፣ ዓሣችሁ መሞት ሲጀምር የቀረውን ለጎረቤት አትስጡ፤ ውኃውንም ወደ ወንዝ አትልቀቁ። በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ።