የሚዋጥ ምራቅ ሲጠፋ

አስተዋይና ቁም ነገረኛ የሆነውን ሰው አባቶቻችን «ምራቁን የዋጠ» ይሉታል። የሚዋጠው ምራቅ ራሱ የሚጠፋበት ቀን ይመጣል ብሎ የሚያስብ ግን የለም። በአንገት ወይም በአፍና በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት የጨረር ሕክምና የሚወስድ ሰው ይህን ቀን ያየዋል።

አንድ የመንዝ ገበሬ እናስብ። መንዝ የገብስ አገር ነው፤ ቈሎውም፥ ዳቦውም፥ በሶውም ከገብስ ነው። ይህ ሰው አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት ካንሰር ነው ቢባል፥ በደብረ ብርሃን በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ስፍራ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሐረርም ተጀምሯል።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን ሆኖ 6 ወይም 7 ሳምንት ይፈጃል። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ምራቁ ይወፍርና እየደረቀ ይሄዳል። ያን ጊዜ ቈሎ እንደ ጠጠር፥ ዳቦም እንደ አሸዋ ይሆንበታል። መብላት አቅቶት፥ ከስቶና ተስፋ ቈርጦ ሕክምናውን አቋርጦ ቢመለስ፥ ፋታ ያገኙት የካንሰር ሴሎች እንደገና ይራባሉ። እንግዲህ ነገሩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ነገር ነው።

ምራቅን በብዛት የሚያመነጩት 3 ጥንድ ዕጢዎች ናቸው፤ እነዚህም በጆሮ ግርጌ፥ በመንጋጋ ሥርና በምላስ ሥር ይገኛሉ። በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ይወጣል። ምራቅ እህልን ያርሳል፥ ጣዕምን ያሳውቃል፥ ጥርስንም ከመበስበስ ይጠብቃል። ጨረር በብርቱ የጎዳው ዕጢ በቀላሉ አይመለስምና «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

የመጀመሪያው መከላከያ በሐኪሙ እጅ ነው። ጨረሩን ከብዙ አቅጣጫ እየመጠኑ የካንሰሩን ቅርጽ ተከትሎ እንዲሄድ የሚያደርጉበት ዘዴ አለ። በዚህም ካንሰሩ እስከ 70 ግሬይ ሲያገኝ፥ በጆሮ ግርጌ ያለው ዕጢ በአማካይ ከ26 ግሬይ በታች እንዲያገኝ ይጣራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት እንዳሳየው፥ ከአንድ ዓመት በኋላ ጐላ ያለ የአፍ ድርቀት ያልለቀቃቸው በቀድሞው አሠራር ከ100 ሕመምተኞች 74፥ በአዲሱ ግን 38 ነበሩ። አሚፎስቲን የተባለ ከጨረሩ በፊት የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ ነገር ግን ያስመልሳል፥ የደም ግፊትንም ዝቅ ያደርጋል።

ሁለተኛው በሕመምተኛው እጅ ነው። ሕክምናው ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ጥርሱን ያስመርምር፤ የተበላሸ ጥርስ የሚነቀለው ያኔ ነው። ከጨረር በኋላ ቢነቀል ቁስሉ አልድን ብሎ መንጋጋን ሊጎዳ ይችላል። ትምባሆና አረቄ ይቅሩ፥ ሚጥሚጣም ይራቅ። ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና ይቦርሽ፤ ጥቂት ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ለብ ያለ ውሃ ይጉመጥመጥ፤ ውሃም ቶሎ ቶሎ ይጎንጭ። ይህ ሁሉ ዕጢውን ከጨረር አያድነውም፤ አፉንና ጥርሱን ግን ይጠብቃል። ቈሎው ቢያቅተው የዚያው ገብስ አጥሚት አለ፥ የበሶ ብጥብጥም አለ።

አንባቢ ሆይ፥ ዘመድ ታሞ ከአገር ቤት ሲመጣ ወረፋ የሚይዝለት፥ ወረቀቱንም የሚያነብለት ተማሪው ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ልጅ ነው። ከሐኪሙ ፊት ስትቆም ሁለት ነገር ጠይቅለት። የምራቁን ዕጢ ከጨረሩ ማትረፍ ይቻላል ወይ? ጥርሱስ መቼ ይታይለታል? ጥያቄው የሚጠቅመው ግን ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ከተጠየቀ ነው።