በባሏ ስም የተከፈተ መዝገብ

ከሚያዝያ 2023ቱ ጦርነት በፊት በካርቱም የደይምና የጅሬፍ ሰፈሮች፣ ሐበሾች በሚሰባሰቡባቸው ቤቶች ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ወሬ «ፕሮሰስ»፣ ማለትም ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ጉዳይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የማን ኬዝ ተከፈተ፣ ማን ለቃለ መጠይቅ ተጠራ፣ ማን ካናዳ ገባ። መዝገቡ በማን ስም እንደተከፈተ ግን የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። ባለትዳር ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በባል ስም ነው፤ ሚስትና ልጆች ከሥሩ ይጻፋሉ። ይህ ተራ የቢሮ አሠራር የሚመስል ነገር በባሏ የምትደበደብን ስደተኛ ሴት ዕጣ ከብዙ የቪዛ ሕጎች በላይ ይወስናል። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃትና ስለ ስደት መብት ስንነጋገር ዓይናችን ኦታዋና ዋሽንግተን ላይ ያርፋል። እኔ ግን ሴትየዋ የምትወድቀውም የምትድነውም የመጀመሪያው ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ነው እላለሁ።

ሕጉ ራሱ ብዙ መንገድ መጥቷል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አምስት ምክንያቶችን ይቆጥራል፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከትና የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት። ጾታ የለበትም። ሴቶቹ የገቡት በመጨረሻው በር ነው። ካናዳ በ1993 የሴት አመልካቾችን ጉዳይ የሚመለከት መመሪያ አወጣች። በ1999 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት፣ ባሎቻቸው ያባረሯቸውና አገራቸው ሊጠብቃቸው ያልቻለ ሁለት ፓኪስታናውያን ሴቶች ስደተኞች ናቸው ብሎ ፈረደ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ዩኤንኤችሲአር በ2002 ተመሳሳይ መመሪያ ሰጠ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በጥር 2024 የቤት ውስጥ ጥቃት ያመለጠች ሴት በስደተኝነት ልትታወቅ እንደምትችል ወሰነ። አሜሪካ ስትወላውል ቆይታለች። በ2014 የስደት ይግባኝ ቦርዱ ባሏን የሸሸች ጓቲማላዊት ጥያቄዋ ተገቢ ነው አለ፤ በ2018 ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ጄፍ ሴሽንስ ይህንን ሻሩት፤ በ2021 የወቅቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሜሪክ ጋርላንድ የሴሽንስን ውሳኔ መልሰው ሻሩት። አንድ ወረቀት በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚገለበጥ ከሆነ ካርቱም የተቀመጠች ሴት ተስፋዋን እሱ ላይ ብታሳድር አይመከርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው «ስደተኛ ናት ወይ?» የሚለው ሲሆን የሚለካው በትውልድ አገሯ ነው። ኢትዮጵያዊት ካርቱም ውስጥ በባሏ ስለተደበደበች ብቻ የስደተኝነት ዕውቅና አታገኝም፤ ብትመለስ የሚያሳድዳት ነገር መኖሩና መንግሥቷ ሊጠብቃት አለመቻሉ ወይም አለመፈለጉ መታየት አለበት። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። የ2004ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ያስቀጣል፤ ጥቃት አድራሹን ከቤት የሚያርቅ የጥበቃ ትእዛዝ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ሕግ ግን አገሪቱ የላትም። ይህ ለሴትየዋ ማስረጃ ሊሆናት ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ «አንዴ ስደተኛነቷ ከታወቀ ሱዳን ውስጥ ደኅንነት አላት ወይ?» ነው። የካርቱሙ ዱላ ሙሉ ክብደት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስተኛ አገር የመሄድ ጉዳይም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ለቤት ሠራተኝነት የመጣችና ዕውቅና የሌላት ሴት የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳታልፍ ሁለተኛው ዘንድ አትደርስም።

ሱዳን ውስጥ ደኅንነት አለመኖሩን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። አገሪቱ ስምምነቱን በ1974 ስትቀበል በነጻነት የመዘዋወር መብት ላይ ተዓቅቦ አድርጋለች፤ የ2014ቱ የጥገኝነት ሕግም ስደተኛው ከተመደበበት ቦታ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ከሸገራብ ወይም ከኡም ራኩባ መጠለያ ባሏን ሸሽታ ካርቱም የገባች ሴት ገና ከመነሻዋ ሕግ ተላልፋለች። ከተማዋም ውስጥ ብትሆን ጉዳቷን ለማስመዝገብ «ኦርኒክ 8» የሚባለውን የፖሊስ ፎርም ማስሞላት ይጠበቅባታል፤ ለተደፈሩ ሴቶች ቅድመ ሁኔታነቱ በደንብ ደረጃ ቢላላም በጣቢያው በኩል ማለፉ በተግባር አልቀረም። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ለሌላት ሴት ደግሞ ጣቢያ መግባት በገዛ እግር ከሻ (የፖሊስ አፈሳ) ውስጥ መግባት ነው። በ2014 ካርቱም ውስጥ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ በቡድን የተደፈረች የ18 ዓመት ነፍሰ ጡር ኢትዮጵያዊት ወንጀሉ የተፈጸመባት እሷ ሆና ሳለ «ጸያፍ ድርጊት» ፈጽማለች ተብላ የታገደ እስራትና የገንዘብ ቅጣት ተፈረደባት። ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ነገር አለ። በኅዳር 2019 የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተሻረ፤ በሐምሌ 2020 እናት ልጆቿን ይዛ ከአገር ለመውጣት የወንድ ፈቃድ ያስፈልጋት የነበረው ቀረ። ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመውን አስገድዶ መድፈር ግን ሕጉ ዛሬም በግልጽ ወንጀል አላደረገውም።

ዓለም ካርቱምን የሚያስታውስበት መንገድም ይገርማል። በኅዳር 2014 የአውሮፓ ኅብረትና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ሮም ላይ ተሰብስበው ስለ ስደት የጋራ አሠራር ዘርግተው «የካርቱም ሂደት» የሚል ስም ሰጡት። ትኩረቱ ሰው አሻጋሪና ሰው ነጋዴ ነበር። አሻጋሪው ገንዘብ ተቀብሎ ሲመታ ሰነድና ስብሰባ አለ፤ ባል በነጻ ሲመታ ጉዳዩ የቤት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። ዩኤንኤችሲአር ሦስተኛ አገር ለማስፈር ከሚያቀርባቸው ምድቦች መካከል «ለአደጋ የተጋለጡ ሴቶችና ልጃገረዶች» የሚለው አንዱ ነው፤ ካናዳ ለእነዚህ ሴቶች በ1988 የተለየ ፕሮግራም ከፍታለች፣ አውስትራሊያም 204 የሚል ቁጥር ያለው ቪዛ አላት። በ2006 የድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በ105ኛ ውሳኔው ለእነዚህ ሴቶች የተለየ ትኩረት እንዲሰጥ ጠይቋል። በር አለ ማለት ነው። ግን ወደዚያ በር የሚወስደው መንገድ በባል መዝገብ ውስጥ ያልፋል። ሚስት ስደተኛነቷ የታወቀው ከባሏ ተወስዶ ከሆነ የራሷ ታሪክ ምናልባትም አንድም ቀን አልተጠየቀም፤ ዋና አመልካቹ እሱ ነው፣ የተጠራው እሱ ነው፣ ካርዱንና የቀጠሮ ወረቀቱን የሚይዘው እሱ ነው። መዝገቡ እንዲለይላት ስትጠይቅ የሚያዳምጣት አስተርጓሚ ከዚያችው ጠባብ የሐበሻ ማኅበር የወጣ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የተናገረችው ማታ ቡና ላይ ይሰማል ብላ ብትፈራ አይፈረድባትም። ልጆች ካሏት ደግሞ የከፋው ይከተላል። ተቀባይ አገሮች አንዱ ወላጅ ብቻውን ልጆች ይዞ እንዲመጣ የሌላውን ስምምነት ወይም የአሳዳጊነት ማስረጃ ይፈልጋሉ። ፈራሚው የሚመታት ሰው ነው። ከዚህ ማምለጫው ድርጅቱ የልጆቹን ጥቅም የሚመዝንበት ሥነ ሥርዓት ሲሆን ረጅም ነው፣ የሰው ኃይል ይጠይቃል፣ የሚጀመረውም የእናቲቱ ጉዳይ ለብቻው ሲታይ ነው። ባል ቀድሞ በሊቢያ በኩል አውሮፓ ገብቶ ሚስቱን ቤተሰብ ብሎ እስኪጠራት የሚጠበቅ ከሆነም ልጓሙ በስልክ ይያዛል እንጂ አይፈታም።

በዚህ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎችን ማቃለል አይገባም። አንደኛው «ሴቶች ለመውጣት ሲሉ ባሌ መታኝ ብለው ይዋሻሉ» የሚል ነው። የሚዋሽ ሰው መኖሩን አልክድም፤ ችግር ሰውን ያስዋሻል። ግን ውሸቱ አሁን ባለው አሠራርም ሞልቷል፤ የሌላ ሰው መዝገብ ላይ ለመሳፈር የሚፈጸመውን የወረቀት ጋብቻ በሱዳን የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ በዚህ ምክንያት የቤተሰብ ምዝገባ ይቅር ያለ ሰው ግን አልሰማንም። ዋናው መልስ ሌላ ነው። እያንዳንዱ አዋቂ ከመጀመሪያው ቀን ለብቻው ከተጠየቀና የራሱ ካርድ ከተሰጠው፣ መዝገብ ለመለየት ሲባል ማንንም መክሰስ አያስፈልግም። የተለየ መዝገብ የአውሮፕላን ትኬት አይደለም፤ ውሸቱ የሚያተርፈውን ነገር ይቀንሳል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከእኛው ባህል የሚመጣ ስለሆነ የበለጠ ይከብደኛል። ትዳር በስደተኛ ቢሮ አይፈርስም፣ ሽማግሌና ንስሐ አባት አለ ይባላል። ሽምግልና አገር ቤት ብዙ ደም እንዳደረቀ አውቃለሁ። ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ግን እንይ። አገር ቤት ሽማግሌው ሲናገር ከሴትየዋ ጀርባ አባቷና ወንድሞቿ አሉ፣ ባል ቃሉን ቢያጥፍ የሚገባበት ቤት አላት፣ በአካባቢው ዓይን ይወድቃል። ካርቱም ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ወገኗ ሩቅ ነው፤ የምታድርበት የሌላ ሰው ክፍል የለም፤ ባልየው በሽማግሌ ቢወገዝ ሰፈር ቀይሮ ይኖራል። የሽምግልናው ውጤት «ለልጆችሽ ብለሽ ቻይው» ከሚል አያልፍም። ደግሞም መዝገብ መለየት ጋብቻን አያፈርስም፤ ታርቀው አብረው ለመሄድ የሚፈልጉ ባልና ሚስት ሁለት መዝገባቸውን ማገናኘት ይችላሉ። የማይቻለው ተቃራኒው ነው፤ በአንድ መዝገብ የታሰረች ሴት በሚያስፈልጋት ሰዓት መውጣት አትችልም።

«ታዲያ ለምን ወደ አገሯ አትመለስም?» ለሚለው ግማሽ እውነት እሰጠዋለሁ። የፖለቲካ ስጋት ለሌለባት፣ ለሥራ ለመጣች ሴት መመለስ አንዳንዴ የተሻለው ሕጋዊ መንገድ ነው። ፓስፖርቷን ባሏ ቢይዝባት ኤምባሲው ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ምትክ የሚያገለግል የጉዞ ሰነድ) ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ማሪያ ሙኒር በ2003 የመሠረተችው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው። ዕውቅና ያላት ስደተኛ ግን የሸሸችውን መንግሥት ኤምባሲ ደጅ ስትረግጥ የስደተኝነት ጥበቃዋን ለአደጋ ታጋልጣለች። መንገዱም ድሮ የነበረው አይደለም። ካርቱምን ለቅቀው በድንበር ከተሞቹ በገላባትና መተማ የገቡ ብዙዎች ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ስለሆነ ከአንዱ እሳት ወደ ሌላው ተሻግረዋል።

የመጨረሻው ጥያቄ በሩ ሁሉ ሲዘጋ ስለ መዝገብ ማውራት ምን ይረባል የሚል ነው። እውነት ነው፤ በጦርነቱ የዩኤንኤችሲአር ሥራ ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን ዞሯል፣ ካናዳ በኅዳር 2024 አምስት ሆነው ስደተኛ የሚያስመጡ ስፖንሰሮችን ማመልከቻ መቀበል አቆመች፣ አሜሪካ በጥር 2025 የስደተኛ ቅበላዋን አገደች። በደጉ ጊዜም በዓመት ሦስተኛ አገር የሚደርሰው ከዓለም ስደተኛ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እኔ ከዚህ የማገኘው ድምዳሜ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቪዛው በሌሎች አገሮች ምርጫና ስሜት ይከፈታል ይዘጋል፤ ምዝገባው ግን የዩኤንኤችሲአርና የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን ሥራ ነው፣ አዲስ ሕግም አዲስ ስምምነትም አይፈልግም። የራሷ ካርድ ያላት ሴት ባትበርም እንኳ ፍተሻ ላይ የምታሳየው፣ እርዳታ የምትቀበልበት፣ ልጇን የምታስመዘግብበት ወረቀት አላት። ጦርነቱ ቤተሰብን በትኖ አንዱን ግብፅ፣ ሌላዋን ገዳሪፍ ወይም ከሰላ ባደረሰበት በዚህ ሰዓት፣ ሰነዱን ባል ይዞ የሄደባት ሴት እንደ አዲስ ስትመዘገብ መዝገቧን በራሷ ስም መክፈት ከመቼውም ይልቅ ቀላል ነው።

ስለዚህ ገዳሪፍ፣ ከሰላ ወይም ፖርት ሱዳን ውስጥ እንዲህ ያለች እህት የምታውቁ ሁሉ ይህን ንገሯት። ለብቻዋ፣ ባሏ በሌለበት እንድትጠየቅ፣ ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ እንዲመደብላት፣ ጉዳይዋም ከባሏ ተለይቶ እንዲታይ መጠየቅ ትችላለች። ጉዳት ካለባት ከሐኪም ያገኘችውን ማንኛውንም ወረቀት ቅጂውን ሌላ ሰው ዘንድ ታስቀምጥ። ምዝገባውም፣ ቃለ መጠይቁም፣ ሦስተኛ አገር ማስፈሩም ክፍያ የለባቸውም፤ ገንዘብ የሚጠይቃት ማንም ቢሆን እያጭበረበራት ነው።