ተጨማሪ መረጃ፦ የወንጀል ፍትሕ ዲግሪ ያዋጣል?
በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የወንጀል ፍትሕ አሶሼት ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት ነው። ለአንድ ክሬዲት 150 ዶላር የሚያስከፍል ኮሌጅ ብንወስድ፣ ጠቅላላ ክፍያው 9,000 ዶላር ይመጣል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌዴራል ድጎማ ሊያገኝ ይችላል፤ ጣሪያው በ2024–25 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። ስለዚህ ለብዙዎች ከባዱ ወጪ ክፍያው ሳይሆን፣ ለክፍል ሲባል ከሥራ ሰዓት ተቀንሶ የሚቀረው ደመወዝ ነው።

ገቢውን ስናሰላ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 የፖሊሶችና የመርማሪዎች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 77 ሺህ ዶላር፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂዎች 58 ሺህ፣ የጥበቃ ሠራተኞች ደግሞ 38 ሺህ ገደማ ነበር። የኮሌጅ ማስታወቂያ የትኛውን ቁጥር እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም! ይሁንና በርካታ የፖሊስ መምሪያዎች ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ትምህርት አይጠይቁም፤ ብዙ ጊዜም ምልምሉ አካዳሚ የሚሠለጥነው ደመወዝ እየተከፈለው ነው። 77 ሺሁን ያመጣው ዲግሪው ነው ማለት ያስቸግራል።

ዲግሪው ይበልጥ የሚያዋጣው መምሪያው ለተማረ ሰው ጭማሪ የሚከፍል ሲሆን ወይም ክሬዲቱ ወደ ባችለር ዲግሪ ሲሻገር ነው። ለምሳሌ የኤፍቢአይ ልዩ ወኪል ለመሆን ባችለር ሲጠየቅ ቆይቷል። ሁሉም አሶሼት ዲግሪ ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይዛወር፣ ከመመዝገብ በፊት ተቀባዩን ዩኒቨርሲቲ መጠየቅ ያሻል። በግሪን ካርድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሌላም ጥያቄ አለ፦ ብዙ የፖሊስ መምሪያዎች የሚቀጥሩት የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው።